ቀድሞ የሚሞት ክር

«ቁራሌው! ኧረ ቁራሌው!»

ጩኸቱ መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ተሰማ፣ ቀጥሎ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ከዚያ ልክ ከሱቁ ጀርባ። አዶኒያስ የሱቁን የቆርቆሮ መዝጊያ ገና አላነሳም። ጨለማው ውስጥ በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ፣ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ቀብሮ ያዳምጣል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ድምፅ ለመካኒሳ ሰው እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ካልሆነ ማንም ልብ አይለውም። ዛሬ ግን ቁራሌው በጮኸ ቁጥር አዶኒያስ የራሱ ስም የተጠራ ይመስል ይደነግጣል።

ከፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የጋሽ ሰዒድ ሬዲዮ ተቀምጧል። በጨለማው ባይታይም እዚያ መሆኑን ሽታው ይናገራል፤ ያረጀ ቀለም፣ ዘይት፣ ከትናንት ምሽት ወዲህ ደግሞ የተቃጠለ ጨርቅ።

ጋሽ ሰዒድ በጉብዝናቸው ዘመን የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ይህ አንድ ሰው ብቻውን አቅፎ የማያነሳው አረንጓዴ የብረት ሣጥን፣ የእንግሊዝ ሥሪት፣ ሠራዊቱ አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲያስወግደው ነው የገዙት። ከመሸጡ በፊት መላኪያው ተነቅሎ ነበር። «አፉን ቆርጠው ጆሮውን ተዉልኝ» ይላሉ ስለ እሱ ሲያወሩ። ገዝተው አልጋቸው ሥር አስቀመጡት፤ እዚያው ዕድሜውን ጨረሰ። አሁን ግን ልጃቸው ሐሚዳ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷት አባቷን ይዛ ቤት ልትቀይር ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ፣ ክፍሉ ጠባብ። ዕቃ ስትሸክፍ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየችውና ፍርድ ሰጠች፦

«እስከ ዓርብ ከተናገረ በራሴ ጀርባ ተሸክሜ ፎቅ አወጣዋለሁ። ካልተናገረ ለቁራሌ!»

«ቃል ነው» አሉ ጋሽ ሰዒድ።

በማግስቱ ሬዲዮውን በጋሪ አስጭነው አዶኒያስ ዘንድ ከተፍ አሉ። አዶኒያስ ሞባይልና ቴሌቪዥን ነበር የሚጠግነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በዓይኑም አይቶ አያውቅ። ግን እምቢ አላለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሽ ሰዒድ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ደጅ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ያወራሉ፤ ሲመሽ የሬዲዮውን የጆሮ ማዳመጫ ብቻ በሽርጣቸው ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ። «ሣጥኑን አምኜሃለሁ፤ የማዳመጫው ቆዳ ግን ለአይጥ እራት ነው» ይላሉ። ሬዲዮው ድምፅ ማጉያ የለውም። ያለ ማዳመጫው ድዳ ነው።

ለአዶኒያስ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ብቸኛ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ጀምሮ ከሰው ጋር የሚያወራው «የት ተነካ?» እና «ነገ ና» ብቻ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ሰማይ ቤት» ይሉታል፤ የሰው ስልክ ፈቶ፣ ካቻቢቴውን በአየር ላይ ይዞ፣ ዓይኑ ማዶ ማዶ ሲያይ ስለሚያገኙት። አሁን ግን ጠዋት ሲነሳ የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ሬዲዮው ለቁራሌ ከሄደ፣ ጋሽ ሰዒድም ለመምጣት ምክንያት አይኖራቸውም።

ትናንት ምሽት ታዲያ ሽማግሌውን ማስደሰት አማረው። «ነገ ሲመጡ በርቶ ይጠብቃቸው» ብሎ አሰበ። ዐሥራ ሁለት ቮልት እንደሚፈልግ ያውቃል። ለሱቅ ማስታወቂያ መብራት የሚሆን ፓወር ሰፕላይ፣ የግድግዳውን ኃይል ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ፣ ነበረው። ጥቁሩን ሽቦ ማሳው ላይ፣ ማለትም የሬዲዮው የብረት አካል ላይ አሰረ፤ ቀዩን በሌላኛው። ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ያለ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያስረው፤ ጥቁር ማሳ ላይ። ማብሪያውን ነካ።

ጧ!

ፊውዙን ፈቶ አየ፤ ደህና ነው። መልሶ አበራ፤ ምንም። እንደገና፤ ምንም። ያን ጊዜ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

«አዶኒ! ተኝተሃል እንዴ? ፀሐይ እኮ አናት ላይ ወጣች!»

ጋሽ ሰዒድ ናቸው። አዶኒያስ መዝጊያውን አነሳ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሽርጡን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ወንበራቸውን ራሳቸው እየጎተቱ ገቡ።

«ምነው ፊትህ? ሰው ሞቷል?»

«ሞቷል» አለ አዶኒያስ።

«ማን?»

በአገጩ ወደ ሬዲዮው ጠቆመ። ከዚያ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሽቦውን፣ ጧ ያለውን። ሲጨርስ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ቢሰድቡት በወደደ ነበር። ጋሽ ሰዒድ ግን ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ስንት ጊዜ ጮኸ?»

«አንዴ።»

«ጭስ?»

«ትንሽ።»

«ሽታውስ? የምን ሽታ ሸተተህ?»

«የጨርቅ… የተቃጠለ ጨርቅ።»

«ጨርቅ ነው? ሬንጅ አይደለም? ፕላስቲክ አይደለም?»

«ጨርቅ ነው ጋሼ።»

«ምላጭ ስጠኝ» አሉ።

የሬዲዮውን ወፍራም የኃይል ገመድ ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ሶኬቱ አጠገብ በጥቁር የጨርቅ ፕላስተር የተጠቀለለ እብጠት ነበር፤ አዶኒያስ የድሮ ቁስል መስሎት አልፎታል። ጋሽ ሰዒድ ቀደዱት። ውስጡ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ስንጥር አለች፤ ስንጥሯ ከዳር እስከ ዳር ጠቁራለች።

«ይኸውልህ ሟቹ! አላህ ነፍሱን ይማር።»

«ምንድን ነው?»

«በረሃ ላይ ባትሪ አማርጠህ አትሰካም፣ ልጄ። ዛሬ ከጭነት መኪና፣ ነገ ከትራክተር፣ ከነገ ወዲያ ማን ሠራው ከማይባል ጄኔሬተር። ደግሞ በድንጋጤ ነው፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል። እና እኛ ኦፕሬተሮች ምን እናደርጋለን? ከስልክ ሽቦ አንዲት ክር እንመዛለን፤ እንጨት ላይ ጠቅልለን እዚህ እንቀብራታለን። ፊውዙ እስኪያስብ እሷ ትሞታለች። ‹ቀድሞ የሚሞት› ነበር የምንላት። ሻምበል ባሻዬ ‹ቀድሞ የሚሞት ያላሰረ ኦፕሬተር፣ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው› ይለን ነበር።»

አዶኒያስ ትንፋሹ ከየት እንደወጣ አላወቀም። ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ያደረው ነገር ብድግ ብሎ በበሩ ሲወጣ ተሰማው። ሣቅ አምልጦት ወዲያው ዓይኑ ዕንባ ሞላ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትጠነቀቅ ነበር?»

«አዎ!»

«እንግዲያው ረስቼው ነው» አሉ ጋሽ ሰዒድ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። «ለመሆኑ ጥቁሩን ሽቦ የት አሰርከው?»

«ማሳው ላይ ነዋ።»

«ነዋ! የዚህኛው ማሳ ፖዘቲቭ ነው። ቀዩ ነው አካሉ ላይ የሚታሰረው።»

«እንዴት ይሆናል?»

«እንግሊዝ እኮ ነው፤ መንገዱንስ በግራ አይደል የሚነዳው?»

ከተጣለ የስልክ ቻርጀር ሽቦ አንዲት የመዳብ ክር መዘዙ። አዶኒያስ በክብሪት እንጨት ላይ ጠቀለላት፤ ጋሽ ሰዒድ በጨርቅ ፕላስተር ቀበሯት። ይህን ጊዜ ቀዩን ማሳው ላይ አሰሩ። አዶኒያስ ማብሪያውን ሲነካ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር ዉዉዉ ብላ ተነሳች። በሣጥኑ ቀዳዳ የመስታወት ቱቦዎቹ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀሉ። ጋሽ ሰዒድ ማዳመጫውን ከሽርጡ ፈተው አንዱን ጆሮ ለራሳቸው፣ አንዱን ለአዶኒያስ ሰጡት፤ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው አዳመጡ። ወዲያው ሁለቱም ሸሹ።

«የንብ ቀፎ ነው ያስገባኸኝ?»

«ፓወር ሰፕላዩ ነው» አለ አዶኒያስ ጆሮውን እያሸ። «እነዚህ የአሁኖቹ ውስጣቸው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ለመብራት ችግር የለውም። ለጆሮ ግን…»

«ለጆሮ ጂኒ ነው። ሌላ አምጣ!»

ሌላው ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ነበር። ሞተሯ ልትነሳ ስትል ድርግም አለ። ደግመው አበሩት፤ ድርግም። ሞተሯ ስትነሳ ብዙ ኃይል በአንዴ ትስባለች፤ የኮምፒውተሩ ዕቃ ደግሞ ብዙ ሲጠይቁት ራሱን ያጠፋል።

«ፈሪ ነው» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «ግዳጅ ሲጠሩት ‹የለሁም› የሚል።»

አዶኒያስ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ከባድ ትራንስፎርመር ጎትቶ አወጣ። አክስቱ አረጋሽ ከምታገለግልበት ቸርች አምፕሊፋየር የተፈታ ነው። ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ዲዮድ ገጠመለት፣ ያገኘውን ማጣሪያ ሁሉ አሰረለት፣ አበራው። ሞተሯ ተነሳች፤ አልጠፋም፤ እንደ ንብም አልጮኸም። ነገር ግን ከማዳመጫው ውስጥ «እምምምም» የሚል ወፍራም ማንጎራጎር መጣ፤ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሥሩ ቀበረው።

«የቸርች ነው አልክ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለዚህ ነዋ። ዝማሬውን ገና አልጨረሰም።»

አዶኒያስ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ቶሎ ደረቀ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቁራሌው ከሩቅ ይጮሃል፤ ሐሚዳ የቆረጠችው ዓርብም ዛሬ ነው።

«የግድግዳ ኃይል አይሆነንም» አለ። «ባትሪ ነው የሚያስፈልገው። ባትሪ ዝም ይላል።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ደጅ አዩ። ባጃጅ ነጂው አናስ መሪው ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ስልኩን እየነካካ ደንበኛ ይጠብቃል።

«አናስ!» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «ባትሪህን ለአንድ አፍታ።»

«ለምን ኩላሊቴን አትጠይቁኝም ጋሼ?»

«ኩላሊትህ ዐሥራ ሁለት ቮልት አይሰጥም። ለጁምዓ ሶላት ይደርስልሃል፣ በአላህ!»

አናስ እያጉረመረመ ፈታው። ባትሪው እንጨት ላይ ተቀመጠ፣ ቀዩ ማሳው ላይ ታሰረ። ሞተሯ እንደጠገበ ሰው በእርጋታ ተነሳች። ንቡ የለም፣ ዝማሬው የለም። አዶኒያስ «ይኸው!» ሊል አፉን ከፈተ፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከማዳመጫው «ዝዝዝዝ» የሚል ቀጭን ጩኸት ይመጣል፤ የሬዲዮውን ማዞሪያ ወደየትም ቢወስዱት የማይለቅ፣ በየመሃሉ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ። ባትሪ አይጮህም። ስለዚህ የሚጮኸው ሬዲዮው ራሱ ነው ማለት ነው። ትናንት ክሯ ከመሞቷ በፊት ውስጡ የሆነ ነገር ተቃጥሏል ማለት ነው።

«አለ አይደል… ምናልባት…» አለና ማዞሪያውን እንደገና ዞር አደረገው።

የዚያን ጊዜ ሐሚዳ መጣች። ነጠላ ጫማዋን ጧ ጧ እያደረገች፣ የዕቃ አቧራ የነካው ሻርፕ አጣፍታ። ከኋላዋ ቁራሌው ማዳበሪያውን በትከሻው ጥሎ ይከተላታል።

«አባባ፣ ተናገረ?»

ጋሽ ሰዒድ ልጃቸውን ዋሽተው አያውቁም። «እያጉረመረመ ነው» አሉ።

«ማጉረምረምማ አንተም ታጉረመርማለህ! ቃል ነው ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

ቁራሌው ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገ። «ብረቱ ጥሩ ነው። ውስጡም መዳብ አይጠፋም» አለ። አዶኒያስ ሳያስበው ሁለት እጁን ሣጥኑ ላይ ጫነ፤ ልጁን ክትባት ሊወጉበት እንደመጡ አባት።

«አዶኒ፣ ይቅርታ እሺ» አለች ሐሚዳ፤ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «ለፍተሃል፣ አይቻለሁ። ግን አራተኛ ፎቅ እኮ ነው። የማይናገር ብረት ምን አደርገዋለሁ?»

ጋሽ ሰዒድ ማዳመጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ልክ ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ማዶ ያለው ብየዳ ቤት ብልጭታው ሞተ። የጫማ ሱቁ ድምፅ ማጉያ «ዋጋው የማይታመ…» ብሎ ተቆረጠ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ከየደጁ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ። አናስ «ይኸው ደግሞ!» ብሎ መሬት ላይ ተፋ።

ጋሽ ሰዒድ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ዝም በሉ ማለታቸው ነው።

አዶኒያስ ባትሪውን አየ። አልጠፋም፤ ባትሪ መብራት ሲሄድ አብሮ አይሄድም። የሬዲዮው ሞተር ታዜማለች፣ ቱቦዎቹ ቀልተዋል። ከማዳመጫው ጠርዝ የሚያፈተልከው ያ «ዝዝዝ» ግን የለም። ማዶ ወደ ብየዳው አየ፤ ወደ ጫማ ሱቁ መብራቶች፤ በየሱቁ በራፍ ወደተሰካው ቻርጀር ሁሉ። ለካስ ሬዲዮው አልነበረም የሚጮኸው። የሚጮኸው ሰፈሩ ነበር። ይህ ጆሮ ብቻ የቀረው ሽማግሌ ብረት የመካኒሳን ሶኬት ሁሉ ሲሰማ ነበር።

«ደህና ነው!» አለ አዶኒያስ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። «ደህና ነበር! ምንም አልሆነም!»

«ሽሽሽ» አሉ ጋሽ ሰዒድ።

ማዞሪያውን በሁለት ጣት፣ እንደ ዕንቁላል ይዘው፣ ቀስ ብለው ገፉት። ቆሙ። ትንሽ መለሱት። ከዚያ የግራ እጃቸው አመልካች ጣት ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ፤ አጭር፣ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ቆም። እንደገና።

«ሞርስ ነው?» አለ አዶኒያስ በሹክሹክታ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእጁ ነው የሚመታው። ማሽን አይደለም፤ ያመነታል። ሰው ነው።»

ሐሚዳ የአባቷን ጣት ታያለች። አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። ቆየት ብላ፣ ለአዶኒያስም ለቁራሌውም ሳይሆን ለራሷ የምትናገር መስላ፣

«እኔን ሲያስተኛኝ እንዲህ ነበር ጀርባዬን የሚመታኝ» አለች። «እንዲሁ፤ ልክ እንዲሁ። ሌሎች አባቶች እኩል ነው የሚመቱት፤ የኔ አባት ግን አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም። ለካ እያወራ ነበር።»

ከዚያ ወደ አባቷ ጎንበስ አለች።

«ምን ይላል አባባ?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሰዒድ አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረጉ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ተፍታቷል። «እሱ ጋ ዝናብ ነው ይላል። ጉንፋንም ይዞታል መሰለኝ።»

ሐሚዳ ሣቀች፤ ከሣቋ ጋር ዕንባዋ መጣ፤ ዕንባዋን ስትጠርግ ደግሞ ቁራሌውን አስታወሰችው።

«ወንድሜ፣ በከንቱ አመላለስኩህ። አይሸጥም።»

«እና ምን ይዤ ልመለስ?» አለ ቁራሌው። «ከሀና ማርያም ጀምሮ እኮ ነው ስከተልሽ የመጣሁት!»

አዶኒያስ ያንን የንብ ቀፎና ያንን ፈሪ አንስቶ ማዳበሪያው ውስጥ ጨመረለት። የቸርቹን ትራንስፎርመር ግን አክስቱን ፈርቶ አስቀረው። ቁራሌው ማዳበሪያውን በእጁ መዘነና ፊቱ ፈካ፤ መንገዱን ሲጀምር ጩኸቱ እንኳ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

«ባትሪዬስ?» አለ አናስ።

«ታገስ እንጂ! ሰውዬው ጉንፋን ይዞታል እኮ እየተባለ» አለችው ሐሚዳ። ከዚያ ወደ አዶኒያስ ዞረች። «በል፣ እኔም ቃሌ ቃል ነው። ተሸካሚ ጠርቼ ዛሬውኑ ጀሞ ይገባል። መስኮቱ ሥር ቦታ እሰጠዋለሁ።»

«ጥሩ ነው» አለ አዶኒያስ።

ደስ ብሎታል፤ ከልቡ። ሬዲዮው ከቁራሌ ተርፏል። ነገር ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሌላ ነገር ታየው። እስከዚህች ደቂቃ አላሰበውም ነበር። ሬዲዮው ቢሞትም ይሄዳል፣ ቢድንም ይሄዳል። ነገ ጠዋት ደጅ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ባዶዋን ነው የምትውለው። ጀሞ ደግሞ ለሽማግሌ በታክሲም ቢሆን መንገድ ነው። ካቻቢቴውን አንስቶ ያለ ምክንያት ጠረጴዛው ላይ ማሽከርከር ጀመረ።

መብራት መጣ። ብየዳው ፈነጠቀ፣ ድምፅ ማጉያው ካቆመበት ቀጠለ፣ ሰፈሩ «እሰይ!» አለ። ጋሽ ሰዒድ ብቻ ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው ማብሪያውን አጠፉ። ሞተሯ ቀስ እያለች ዝም አለች። ባትሪውን ፈተው ለአናስ ሰጡት። ያሰሯትን ክር በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፤ ደህና ናት። ሽርጣቸውን ከጠረጴዛው አንስተው አራገፉ፤ ሬዲዮውን ከላይ እስከ ታች አለበሱበት፤ ጠርዙን ሕፃን እንደሚሸፍን ሰው ወደ ውስጥ ሸጎጡ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የማዳመጫውን ገመድ ነቅለው፣ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተነሱ።

ወንበራቸውን ወደ ደጅ አላወጡም። ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ነገም እንደሚቀመጡባት ሁሉ፣ እንደነበረች ተዉአት።

«አባባ!» አለች ሐሚዳ። «ወዴት ነው? ተሸካሚውን ልጠራ አይደል? ሬዲዮውስ?»

ጋሽ ሰዒድ ከሱቁ ፊት ያለውን ቦይ ተሻገሩ፤ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ ዞር ሳይሉ ወደ ጁምዓ ሶላት ከሚሄዱት ሰዎች መሃል ገቡ። የማዳመጫው ገመድ ከጀርባቸው እየተወዛወዘ፣ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወሩ ድረስ ይታይ ነበር።